የአዲሱን ስልክ ነገር ቁርጡን ልንገርሽ

ልጄ፣ እናቴ፣ ያለሽበት ይመችሽ፣ የነካሽው ይለምልም። እኛ ደህና ነን። የስፌት መኪናዬ ዘይት ጠጥታ እንደ ጉድ ትሮጣለች፤ አባትሽም ጉልበቱ ተሽሎት፣ እያጉረመረመም ቢሆን ደረጃውን ይወጣል።

የላክሽልኝ አዲስ ስልክ ደርሶኛል፣ እጅሽ ይባረክ። አክስትሽ "አሮጌውንማ ጣይው፣ ቁልፎቹ ላይ ያለው ቁጥር እንኳ ተፍቋል" ትለኛለች። እኔ ግን ዕድሜዬን ስሰፋ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ የሚጣፈውንና የሚጣለውን ለይቼ አውቃለሁ። አሮጌው አይጣልም።

ለምን በይኝ። እሁድ በአዲሱ መልክሽን እያየሁ ስናወራ፣ ሳቅሽን አምኜ "ልጄ ተመችቷታል" ብዬ ደስ ብሎኝ ዋልኩ። ማክሰኞ በአሮጌው ደወልሽ። ያንኑ "ደህና ነኝ" አልሽኝ፤ የማየው ነገር ስለሌለ ግን ጆሮዬን ቀሰርኩ፣ ድምፅሽም መሃል ላይ ሽብሽብ ሲል ሰማሁት። ክሩ የላላ ስፌት እንዲህ ነው፤ ከላይ ያምራል፣ ሳብ ሲያደርጉት ይተረተራል።

ስለዚህ አዲሱን ለአባትሽ ሰጥቼዋለሁ፤ መልክሽ ናፍቆታልና ሳቂለት። ለእኔ በአሮጌው ደውይልኝ። ክፉ አይንካሽ፣ መንገድሽ ሁሉ ይቅና። አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ፦ ስትደውዪ "ደህና ነኝ" ማለቱን ተይውና ዝም ብለሽ ተንፍሺልኝ። የቀረውን እኔ እሰማዋለሁ።