ዳቦውን ሳትቆርስ ይዘኸው ና

ውድ ወንድሜ ጋቭሪል፣

ይህ ደብዳቤ ከእሽጉ ጋር በቅዳሜው ሚኒባስ ይደርስሃል። ሾፌሩ እናንተ ከተማ ካስቴዮን ደርሶ ሲደውልልህ እባክህን ሰው አትላክ፣ ራስህ ሄደህ ተቀበል። እሽጉ ውስጥ አይብ አለ፣ አንድ ጠርሙስ የፕለም አረቄ አለ፣ ለሚስትህ ለኢሎና ደግሞ የሱፍ ካልሲ አለ። ከሥር በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ትልቅ ክብ ዳቦ ታገኛለህ። ይህን ደብዳቤ አንብበህ ሳትጨርስ እንዳትነካው። አውቅሃለሁና ነው የምለምንህ፤ እማዬ ዳቦ ከምድጃ አውጥታ ሳታሳርፈው ጫፉን ቦጭቀህ የምትሮጥ አንተ ነበርክ።

ስለ አባባ ባነሳሁ ቁጥር ስልኩን ስለምትዘጋብኝ ነው በደብዳቤ የመጣሁብህ። ደብዳቤ ጆሮ ላይ አይዘጋም። ተናደህ ብትቀደው እንኳ ቁራጮቹን ሰብስበህ እንደምታነበው እርግጠኛ ነኝ።

ቤታችን ወደ ሙዚየሙ እንደሄደ ታውቃለህ። አባባ ከሞተ በኋላ እማዬን ከተማ፣ እኛ ፎቅ ላይ አመጣናት፤ ቤቱ ብቻውን ቀረና ጣሪያው ማፍሰስ ጀመረ። የሙዚየሙ ሰዎች መጡ፤ ግንዱን አንድ በአንድ ቁጥር እየጻፉበት ፈቱት፤ በጭነት መኪና ጭነው ከከተማው በላይ ኮረብታው ላይ ከሌሎች የገጠር ቤቶች መሃል መልሰው ገጣጠሙት። እማዬ ግን አላየውም ብላ ነበር። "የቀበርኩትን ሰው ቆሞ ሲሄድ ማየት ምን ያደርግልኛል?" ትል ነበር። ባለፈው እሁድ ጠዋት ከመሬት ተነስታ "ውሰዱኝ" አለች። ሐኪሙ ስለ ልቧ የነገረን በዚያው ሳምንት ነው። እሱን በስልክ ነግሬሃለሁ፣ አልደግመውም።

እናም አራታችን ሄድን፤ እማዬ፣ እኔ፣ ባለቤቴ ሊቪዩና ልጃችን ሳንዳ። ሙዚየሙ የቤተሰብ ቀን አድርጎ ኖሮ ግቢው በሰው ተጨናንቋል። በሩ ላይ ያለችው ልጅ ለእማዬ የጡረተኛ ቲኬት ስትቆርጥላት "የገዛ ቤቴ ልገባ ነው የምትቆርጪልኝ?" አለቻት። ልጅቷ ቀልድ መስሏት ሳቀች። ውስጥ አንዱ ሸክላ ይሠራል፣ ሌላው ብረት ይቀጠቅጣል፣ የድሮ ልብስ የለበሱ ሴቶች ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ሱፍ ይፈትላሉ። ለልጆች ደግሞ ከእንጨት የተሠራች፣ ጡቷ ውሃ የሚያፈስ ላም አቁመዋል። ሳንዳ ስታልባት እማዬ ቆማ አየችና "ይቺስ ከእኛዋ ትሻላለች፣ አትራገጥም" አለች። ለአፍታ ቀኑ እንዲሁ በሰላም የሚያልፍ መስሎኝ ነበር።

ከቤታችን ፊት ለፊት አንድ ሰሌዳ ተክለዋል። "የድሃ ገበሬ ቤት" ይላል። እማዬ መነጽሯን ስላላመነች ሳንዳን ሁለት ጊዜ አስነበበቻት።

"ድሃ ያለን ማነው?" አለች። "ባለሁለት ፈረስ ሰው ድሃ ይባላል?"

"እማማ፣ ስለ ድሮው ዘመን ነው የጻፉት፣ እናንተን ማለታቸው አይደለም" አላት ሊቪዩ።

"ድሮም ቢሆን የባሌ አያት ናቸው የሠሩት። እሳቸውስ የማን ድሃ ናቸው?"

ሊቪዩ ቀድሞ ሊገባ ሲል ግንባሩን ከበሩ አናት ጋር አላተመው። እማዬ በልማድ ጎንበስ ብላ ገባች። ቤቱን ብታየው አታውቀውም፣ ብታየው ደግሞ ታውቀዋለህ። የመብራቱን ገመድ ነቅለውታል፤ ቴሌቪዥኑ የነበረበት ቦታ ሸማኔ የሚሠራበት ትልቅ እንጨት ገትረዋል። ምድጃው ግን ያው ነው፣ የመስኮቱ ሥር አግዳሚም ያው የአባባ አግዳሚ ነው። ፊቱን በገመድ ከልለውታል። እማዬ ገመዱን ከፍ አድርጋ በሥሩ አለፈችና ተቀመጠች።

ጥበቃው እየሮጠ መጣ። ዕድሜው የገፋ፣ ፂማም ሰው ነው። "እናት፣ እዚያ ላይ አይቀመጥም" አለ።

"ካገባሁ ጀምሮ የተቀመጥኩበት ነው።"

ሰውዬው አያት፣ እኔንም አየኝ፤ ራሴን ነቀነቅኩለት። ገመዱን ከሚስማሩ ፈታና ጠቅልሎ ኪሱ ከተተው። እኔ ምድጃው ጋ ዞሬ አለቀስኩ። በሌላ ነገር እንዳይመስልህ፣ ለመልካምነቱ ነው።

በዚያው ብንወጣ ኖሮ ይህን ደብዳቤ አልጽፍልህም ነበር። ለካ በየእሁዱ እኩለ ቀን ላይ የድሮ ሠርግ የሚያሳዩት እኛ ቤት ውስጥ ኖሯል። ማይክ የያዘ ጎረምሳ ከፊት፣ ቫዮሊን የሚጫወቱት ከኋላው፣ ከዚያ ሙሽሮቹ፣ ከዚያ ጎብኚው ሁሉ ተግተልትሎ ገባ። ሙሽራው ኮዝሚን ይባላል፤ በአዘቦቱ ቀን ኢንተርኔት የሚዘረጋ ልጅ ነው፣ ባለፈው ወር እኛም ቤት መጥቶ ነበር። ባለማይኩ እማዬን ሻርፕ እንዳሰረች አግዳሚው ላይ ሲያያት ደስ አለው።

"እማማ፣ እንደው አንድ ጊዜ የሙሽራውን እናት ሁኑልን። ይህን የሠርግ ዳቦ ይዘው ይቆማሉ፣ እኔ ግጥሙን አወርድና ሦስት ጊዜ እጠይቅዎታለሁ፣ 'ይቅር ብያለሁ' ይላሉ፣ አለቀ።"

ላስቆመው ስል ቀደመችኝ። እማዬ ተነሳች፣ ሻርፗን አስተካከለች፣ ዳቦውን ተቀበለች። "እንዴት እንደሚባል አውቃለሁ" አለችው።

ባለማይኩ ለጎብኚዎቹ ወጉን አስረዳ፤ ልጅ ሲያገባ ከቤት ሳይወጣ በወላጆቹ ፊት ተንበርክኮ ላጠፋው ሁሉ ይቅርታ እንደሚጠይቅ፣ ወላጅ ይቅር ብሎ ዳቦውን እስኪቆርስለት ድረስ ከጉልበቱ እንደማይነሳ። ሙሽሮቹ ቀይ ትራስ ላይ ተንበረከኩ። አንተና ኢሎና የተንበረከካችሁት በባዶው ሳንቃ ላይ ነበር፣ ያ ሳንቃ አሁንም አለ። ትራሱን ያነጠፉት እሱ ላይ ነው።

አንደኛውን ጠየቃት፣ ዝም አለች። ሁለተኛውን ጠየቃት፣ ዳቦውን ደረቷ ላይ አድርጋ ወደ ኮዝሚን ትመለከታለች። ሦስተኛውን ሲጠይቃት "ይሄን ልጅ ምን ብዬ ነው ይቅር የምለው? ምን አደረገኝ?" አለች። ሰው ሳቀ።

"ለወጉ ያህል ነው፣ እማማ።"

"ለወግ አይባልም።"

ኮዝሚን ቀና ብሎ በሹክሹክታ "እማማ፣ ጉልበቴን አመመኝ" አላት።

"ቆይ" አለችው። "ትንሽ ቆይ፣ ልጄ። እስቲ አንዱ እንኳ ይቆይልኝ።"

ቆየላት። እግዜር ይስጠውና ምኑም ሳይገባው ቆየላት። ሳቁም ጠፋ። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ቃል ግን አልወጣም። በመጨረሻ ባለማይኩ ጭንቅ ሲለው "ይቅር ብለዋል!" ብሎ ጮኸና ቫዮሊኑ ተጀመረ።

"አላልኩም" አለች እማዬ። ከእኔና ከኮዝሚን በቀር የሰማት የለም።

ልጁ ጉልበቱን እያሸ ተነሳና "አስቀየምኩዎት እንዴ?" አላት። "አንተ አይደለህም" አለችው። ሙሽሪት ዳቦውን ለጎብኚ ልትቆርስ እጇን ስትዘረጋም አልሰጠቻትም። "ይሄ አይቆረስም" አለች። ማን ይከራከራታል?

ሰዉ ለጭፈራ ሜዳው ላይ ወጣ፤ ሊቪዩም ሳንዳን ይዞ ተከተለ። ሁለታችን ቀረን። እማዬ ዳቦውን ጭኗ ላይ አድርጋ የነገረችኝን እንዳለ ልጻፍልህ። ተቀመጥ፣ ቆመህ ከሆነ።

ያን ቀን አንተና ኢሎና ስትንበረከኩ አባባ ፊቱን አዙሮ ወጣ። ሁላችንም አየነው። ሃይማኖቷ ሌላ፣ ቋንቋዋ ሌላ የሆነች ሃንጋሪያዊት አላስገባም ሲል ከርሞ ስለነበር እርግማኑን ሳይናገር በእግሩ ያሳየን መሰለን። እማዬ ዳቦውን ይዛ እንደቆመች ቀረች፤ እሷም እሱን ፈርታ ነው ዝም ያለችው አልን። ጠበቃችሁ፣ ጠበቃችሁ፤ ከዚያ አንተ የኢሎናን እጅ ይዘህ በራስህ ተነሳህ፣ በሩን ከኋላህ ወርውረህ ወጣህ። ይኸው ሃያ ዓመት ሊሞላ ነው።

አባባ ግን ሲወጣ በእማዬ ጆሮ አንድ ነገር ብሏት ነበር። "እኔ በአፌ አልችለውም። አንቺ በይላቸው፤ የአንቺ የእኔም ነው። እኔ በረት ውስጥ ነኝ።"

ይቅርታውን በእሷ አፍ አስቀምጦ ነው የሄደው፣ ጋቭሪል።

"ታዲያ ለምን አላልሽም?" አልኳት። ድምፄ እንዴት እንደወጣ አላውቅም፤ ጥበቃው በበሩ ብቅ ብሎ ተመለሰ።

"የልጅቷን ማጅራት እያየሁ ነበር" አለች። "ካልኩ ትወስደዋለች አልኩ በልቤ። ዝም ካልኩ የሚቀር መስሎኝ ነበር። ይቅርታ ሳያገኝ ከቤት የሚወጣ ልጅ አይቼ አላውቅም። አሁን ተስፋ ይቆርጣል፣ አሁን እሷ ታለቅስና ትሄዳለች እያልኩ ዝም አልኩ። ሲነሳ ደነገጥኩ። ልናገር አፌን ስከፍት በሩ ተላተመ።"

አባባ በረት ውስጥ ሆኖ ቫዮሊኑ እስኪጀመር ይጠብቅ ነበር። በቫዮሊኑ ፈንታ የበሩን ድምፅ ሲሰማ ገባና አንድ ቃል ብቻ ጠየቃት፣ "አልሽ?"

"አልጠበቁኝም" አለችው።

ከዚያ ወዲያ ስምህን አላነሳም። እኛ በጥላቻ ነው አልን። ለካ ይቅር ሊልህ ፈቅዶ አንተ ንቀኸው የሄድክ መስሎታል። አንተ ደግሞ ሲሞት ደውዬልህ "እሱ ለእኔ የሞተው ያን ቀን ነው" አልከኝ፣ አልመጣህም። የሬሳ ሳጥኑን የጎረቤት ልጆች ተሸከሙት። ሁለታችሁም በአንዲት ሴት ዝምታ ተጣላችሁ፤ ሴቲቱ ደግሞ እናታችን ናት።

አልዋሽህም፣ በዚያች ሰዓት ጠላኋት። እነዚያን የደከሙ እጆቿን እያየሁ ጠላኋት። ጥያት ወጥቼ ሜዳው ላይ እንደ እብድ ዞርኩ፤ ሳንዳ "እማ፣ ፊትሽ ምን ሆነ?" አለችኝ። ስመለስ ግን እዚያው ነበረች፤ ዳቦውን ማንም እንዳይወስድባት በሁለት እጇ ይዛዋለች። ጥላቻው አብሮኝ አልቆየም። ተቆጥቼ ግን ነው የምጽፍልህ፣ አሁንም አልበረደልኝም።

"ደውይለትና ራስሽ ንገሪው" አልኳት።

"በስልክ አይባልም። ለተቀጠረ ልጅም አይባልም። ይምጣና እዚያው ሳንቃ ላይ ይንበርከክ፤ እኔም አጠገቡ እንበረከካለሁ። ማን ማንን ይቅር እንደሚል እዚያው እንተያያለን።"

"ዳቦው እስኪመጣ ድንጋይ ይሆናል።"

"ውሃ አርከፍክፈን እንቆርሰዋለን። ብቻ ሳይቆርሰው ይዞት ይምጣ።"

እንግዲህ በእሽጉ ውስጥ ያለው እሱ ነው። በጨርቅ የጠቀለለችው ራሷ ናት፤ እኔ እንድነካው እንኳ አልፈቀደችልኝም። ጥበቃውን ስንወጣ አነጋግሬዋለሁ። ሰኞ ሰኞ ሙዚየሙ ዝግ ነው፤ "ቀኑን ንገሪኝ፣ ቁልፉን ይዤ እጠብቃችኋለሁ፣ ማይክ የያዘም አይኖርም" ብሎኛል። ገመዱም እስከዚያ ኪሱ ውስጥ እንደሚቆይ ነግሮኛል።

ይቅር በላት አልልህም። የእኔ አይደለም፣ አላዝዝህም። ኢሎናንም ንገራት፤ ያን ቀን ከአንተ እኩል ተንበርክካለች፣ እሷም የምትለው ካላት መጥታ ትበል። ብቻ በረዶው መንገዱን ሳይዘጋው ኑ። የእማዬ ልብ እስከ ፀደይ አይጠብቅም።

ስትመጣ ግን ወደ እማዬ ከመውጣትህ በፊት በመንደሩ በኩል እለፍ። አባባ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ አጥሩ ሥር ነው ያለው። ጸሎት አላስቸግርህም፣ አበባም አትግዛ። ጎንበስ በልና "ጠብቄ ነበር" በለው። እሱ የሚያውቀው ያልጠበቅክ መሆንህን ነው።

እህትህ ሳቬታ