አባትህ ያልሰማት መንዙማ

ጎንደር፣ አራዳ
ጥር 2008 ዓ.ም.

ልጄ ጃቢር፣ ካርቱም ላይ አላህ ከክፉ ሁሉ ይሰውርህ፤ ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ። እኛ አልሐምዱሊላህ አለን። እህትህ ረውዳ ሸጋ ወንድ ልጅ ተገላግላለች።

ያወጣሃት መንዙማ አራዳን አዳርሳለች፤ ሰው ከስልክ ወደ ስልክ ይቀባበላታል። አባትህ ብቻ አልሰማትም። ታውቀው የለ፤ ካሴት ሲመጣለት ሁለቱንም ጎን ሰምቶ ሳይጨርስ ለማንም አይሸጥም ነበር። አሁንም "አንዷን ምን ብዬ እሰማለሁ? ሙሉው ሲመጣ ነው እንጂ" ብሎ፣ ሱቁ ውስጥ አንድ መደርደሪያ አስለቅቆ ይጠብቅሃል። ዘንድሮ ሁሉም አንዳንድ ነው የሚለቀው ብዬ ብነግረው "የእኔ ልጅ እንዲያ አያደርግም" ብሎ ተቆጣኝ።

የደበቅሁህ ነገር አለ። ግራ ጆሮው ከረመዳን ወዲህ ተዘግቷል፤ ቀኙም እየከዳው ነው። ትናንት አዛን ሲወጣ አልሰማም፤ እኔ ስነሳ አይቶ ነው ለሶላት የተነሳ።

ሥራ እንደሚበዛብህ አውቃለሁ። ግን የቀሩትን መንዙማዎች ቶሎ ላክልኝ። ባያልቁም ግድ የለም፤ አልቀዋል እለዋለሁ፣ ውሸቱን አላህ ይማረኝ። ዕድሜህን ያርዝመው፤ ድምፅህንም ያ አንዱ ጆሮው ሳይዘጋ ያድርስልኝ።

እናትህ ፈህሚያ