ደሜ ያቀዘቀዘው እሳት

ውድ የልጆቼ አባት፣

ደብዳቤዬን ስታይ «ይቺ ሴትዮ ደግሞ ምን ልትለኝ ነው?» እንደምትል አውቃለሁ። ዛሬ አልሰድብህም። ከተለያየን አስራ ስምንት ዓመት ሙሉ በሌለህበት ሰድቤህ ጨርሻለሁ።

ጉበቴ ላይ ክፉ ዕጢ መውጣቱን ልጃችን ነግራሃለች መሰለኝ። ከመንፈቅ በፊት አቃጠሉልኝ። ሆዴን ሳይከፍቱ ነው የምልህ። ቀጭን መርፌ በጎኔ አስገብተው፣ በስክሪን እያዩ፣ ጫፏን አግለው እዚያው ውስጤ አበሰሉት። በማግስቱ በእግሬ ቤቴ ገባሁ። የልጅ ልጆቻችንን «አያታችሁ ተጠብሳ መጣች» እያልኩ ሳስቃቸው ከረምኩ።

አሁን ተመልሶ መጣ። እዚያው፣ ያቃጠሉት ጠርዝ ላይ፣ ባቄላ የምታህል።

እኔማ የራሴ ጥፋት መስሎኝ። እረፊ ብለውኝ ሳለ በሳምንቴ ፍራሽ ሳገላብጥ ነበር፣ ታውቀኝ የለ። ዶክተሯን «ልጄ፣ አንዴ ያልያዘ ነገር ይቅርብኝ፤ ሁለተኛ አልነካም» አልኳት።

እሷ ስክሪኑን ወደኔ አዞረችልኝ። «እማማ፣ ይቺ መስመር ትታይዎታለች?»

«አልታወርኩም እኮ።»

«ትልቅ የደም ስር ናት። ዕጢው ተጠግቷት ነበር። እኛ ስናግል የሚያልፈው ደም ሙቀቱን እየወሰደ ያንን ጎን አቀዘቀዘብን። ሌላው ሞቷል፤ በእሷ በኩል ያለው ግን በደንብ አልበሰለም። እርስዎ ምንም አላጠፉም።»

አንተዬ፣ ጣቴን መስመሯ ላይ አሳረፍኩ። ይሄ ደም ስድሳ ዘጠኝ ዓመት ውስጤ ሲሮጥ አንድ ቀን እንኳ አስቤው አላውቅም። እሳት የሚያበርድ ወንዝ ተሸክሜ ነው ለካ ገበያ ስመላለስ የኖርኩት።

«ውሃ ያለበት ቧንቧ ብየዳ አይዝም» አልኳት።

አፍጥጣ አየችኝ። «ይሄን ማን ነገረዎት?»

«ባሌ» አልኩ። ‹የድሮ› ማለቱን ረሳሁት።

የወጥ ቤቱን ቧንቧ ታስታውሳለህ? ከገንዳው ስር ተንበርክከህ ሶስቴ በየድክ፣ ሶስቴ አንጠባጠበ። «ውሃው እሳቱን እየበላብኝ ነው፣ የዘጋሁትን ቫልቭ የነካ አለ?» አልክ። እኔ በወንድሞችህ ፊት «የሰው ሁሉ ቧንቧ ይሠራል፣ የራሱ ቤት ሲሆን ሰበብ ይፈልጋል» ብዬ አሳቅኩብህ። አንተ ዕቃህን ሰብስበህ ወጣህ። ከዚያ ወዲህ እቤታችን ውስጥ አንድ ነገር ያንተ እጅ ነክቶት አያውቅም።

የነካሁት እኔ ነበርኩ። ልብስ ልዘፈዝፍ ብዬ ከጓሮ ቫልቩን ትንሽ ከፈትኩት። ትንሽ ነው፣ ምን ያመጣል ብዬ። ሰው ሲስቅልኝ ደግሞ መናገሩ ከበደኝ። ይኸው፣ ትንሿ ምን እንደምታመጣ በገዛ ጉበቴ አየሁት።

አሁን የደም ስሯን በትንሽ ፊኛ ለጥቂት ደቂቃ ዘግተው እንደገና ሊያግሉት ነው። ፊኛ፣ አስበው። ይይዛል ብላ ዶክተሯ አልማለችልኝም፤ ብትምልልኝ አላምናትም ነበር። ፈረምኩ።

ማክሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ነው። ና። ከሆስፒታሉ ማከሚያ ክፍል በር ውጪ ካለው አግዳሚ ላይ ቁጭ በል። ከመግባቴ በፊት ዶክተሯን «ቫልቩ ይዘጋል ወይ?» ብለህ ጠይቅልኝ፤ ከእኔ ይልቅ አንተ ስትጠይቅ ደስ ይለኛል። እኔ እንደሁ ተኝቼ ነው የምውለው፣ እጄን የትም አልሰድም።

ቫልቩን የከፈትኩት፣
የልጆችህ እናት