ቀኑ ያለፈበት ቀብድ

ታኅሣሥ 20
ወንድሜ አዲሱ መሬቴን በእኩል አርሶ ያመረተው ምስር ተወቃ። ድርሻዬ፣ ግማሹ፣ ጎታ ገባ። ማታ አዲሱ ነጋዴውን አስቻለውን ይዞ መጣ። ለካ ተነጋግረው ጨርሰዋል... አስቻለው ቀብድ ሰጠኝ። እስከ ጥር 30 ድረስ ምስሩን ዛሬ በቆረጥነው ዋጋ መውሰድ ይችላል። እስከዚያ ለሌላ አልሸጥም።
"ካልወሰዱትስ?" አልኩት።
"ቀብዱ ላንቺ ይቀራላ!"
እሱ ካልፈለገ ይተወዋል። እኔ መተው አልችልም። ይሄ ምን ዓይነት ውል ነው? አዲሱ አፈጠጠብኝ። ተቀበልኩ።

ጥር 16
አርብ ገበያ ላይ የምስር ዋጋ ወድቋል። አስቻለው ስልክ አያነሳም። ለምን ያነሳል? ከገበያ በርካሽ እያገኘ የኔን በውድ ምን ቆርጦት! ከወገዳ ከተማ የመጣ አንድ ነጋዴ ምስርሽን ልግዛሽ አለኝ። "ታስሬያለሁ" አልኩት። በገዛ እህሌ!

ጥር 30
ገበያው ድንገት ወጣ። ከቁርጣችንም በለጠ። ቤቴ ሆኜ አስቻለውን ጠበቅሁ። ቢመጣ እሰፍርለት ነበር፤ ቃል ነዋ። ፀሐይ ጠለቀች። አልመጣም። ደወልኩ... ዝግ። አበቃ።

የካቲት 1
አስቻለው ከአዲሱ ጋር አህያ እየነዳ መጣ። ደግሞ ይስቃል!
"ስፈሪልን እንጂ፣ የኔነሽ።"
"ቀኑ ትናንት አለፈ።"
"ገበያ ይዞኝ ነው። አንድ ቀን ምን አላት?"
"ቢረክስ ኖሮ ዛሬ ይመጡ ነበር?"
አዲሱ ጮኸብኝ፦ "አታዋርጂኝ! ስጪው!"
ግን ጎታው አፍ ላይ ቆምኩ።
"እንግዲያው መሬትሽን ራስሽ እረሺው!" ብሎኝ ወጣ።
የእናቴ ልጅ! ለነጋዴው ቆመ!
አስቻለው ለምን ዘገየ? ነገ ደግሞ ይጨምራል ብሎ? ወይስ ሴት ናት፣ ቀን ቢያልፍባት ምን ታመጣለች ብሎ? ሁለተኛው ነው። አውቃለሁ።

የካቲት 3
ለወገዳው ነጋዴ ሸጥኩ። በዛሬው ዋጋ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር... ደሜ ፈልቷል።

መጋቢት 12
መሬቴን ለጎረቤቴ ለአወቀ ለእኩል ሰጠሁት፤ ያርሳል፣ ምርቱን እንካፈላለን። ዛሬ ማረስ ጀመረ። የድርሻዬን ሽያጭ ራሴ እንደምዋዋል ነገርኩት። "የራስሽ አይደል እንዴ?" አለኝ። እንዲህ ቀላል ኖሯል?
አዲሱ በድንበሩ በኩል አለፈ። "ያበርታህ!" አለው አወቀን። እኔን አላየኝም። ልጠራው አፌን ከፈትኩ። ተውኩት። ጎንበስ ብዬ ከታረሰው ላይ ድንጋይ ለቀምኩ።