ዘይቱ የት ሄደ፣ ግርማ?

ውዴ ግርማ፣

ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ። ከተለየኸን ሁለተኛው ክረምት እየወጣ ነው። ሚዛን ግን እንደምታውቃት ነች፤ አባራች ስንል ተመልሳ ትዘንባለች። የጓሮው ቡና ዘንድሮ ጥሩ ይዟል። ዝናቡ የጣለውን አጥር ወንድምህ መጥቶ አቁሞልኛል። እናትህ ደህና ናቸው፣ ጆሯቸው ብቻ ደከም ብሏል። ካፖርትህን ለማንም አልሰጠሁም፤ በሩ ጀርባ እንደተሰቀለ ነው።

ዛሬ የምጽፍልህ ግን ስለ መኪናችን ነው። ለሌላ ሰው ብነግረው አእምሮዋ ተነካ ይለኛል።

ያን ቀን ከቴፒ ስንመለስ “ብርቱካን፣ ትንሽ ልረፍ” ብለህ ከሸኮ አለፍ ብሎ ካለው ኩርባ ጋ ዳር ያዝክ። ሞተሩን አጠፋህ፣ የእጅ ፍሬኑን ሳብክ፣ ከዚያ ግንባርህን መሪው ላይ አስደገፍክ። ደክሞህ የተኛህ መስሎኝ እንዳልቀሰቅስህ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። ጫካው ውስጥ አንድ ወፍ ሳያቋርጥ ይጮህ ነበር። ነገሩ የገባኝ እጅህን ስነካው ነው።

ከቀብርህ በኋላ ሁሉም ሽጫት አሉኝ። ሰው የሞተባትን መኪና ግቢ ውስጥ ማቆም ደግ አይደለም አሉ። አልሰማኋቸውም። መንዳቱን አንተ አማን ሜዳ ላይ እየሳቅክብኝ አስተምረኸኝ የለ? ወንበሩን ከተውክበት ቦታ ሳላነቃንቅ፣ ከጀርባዬ ትራስ አድርጌ እነዳት ጀመር።

ዘይቷ መጥፋት የጀመረው ያኔ ነው። መጀመሪያ ቀይዋ መብራት በራች። ኮፈኑን ከፍቼ የዘይት መለኪያውን ብረት ስመዘው ጫፉ ብቻ ረጥቧል። ሞላሁት። ብዙም ሳትቆይ እንደገና በራች። አማን ያለው መካኒክህ ጋሽ ሁሴን ከሥሯ ካርቶን አንጥፎ አሳደራት፤ ጠዋት ካርቶኑ ላይ አንድ ጠብታ የለም። ሞተሩን አስነስቶ ከኋላ ቢያይ ጭስ የለም። የራዲያተሩን ውሃ ቢቀዳ ንጹሕ ነው። እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣

“ብርቱካን፣ ዘይት ወይ ይፈሳል፣ ወይ ይቃጠላል፣ ወይ ከውሃው ይቀላቀላል። ይቺ አንዱንም አላደረገችም። ታዲያ የት ነው የሚገባው?” አለኝ።

እኔን ነው የጠየቀኝ።

ይህን ለእናትህ ስነግራቸው አልደነገጡም። ጠበል አምጥተው አራቱንም ጎማ ረጩና ጣሪያዋን በመዳፋቸው ዳበስ አድርገው፣ “ልጄ ገና አልሄደም” አሉኝ። ወደ ቤት ገብቼ በሩን ዘጋሁ።

ከዚያ ወዲያ ጠዋት ጠዋት ኮፈኑን ሳልከፍት አልውልም። መኪናዋ ቆማ በሰነበተችበት ሳምንት እንኳ ዘይቱ ጎድሎ አገኘዋለሁ። ብረቱን በጨርቅ ጠርጌ፣ መልሼ ከትቼ፣ ሳወጣው፣ “አንተ ነህ?” እላለሁ ቀስ ብዬ፣ ጎረቤት እንዳይሰማኝ። መጀመሪያ ፈርቼ ነበር የምጠይቀው። እየቆየ ግን ካልጠየቅኩህ ቀኑ አይጀምርልኝም። ጋሽ ሁሴን ሞተሩን ፈትቼ ልየው ባለኝ ቁጥር ሰበብ እፈልግ ነበር። ምክንያቱን ቢያገኝብኝስ?

ልጃችን ማርታ ሸኮ ማስተማር መጀመሯን ታውቃለህ። ያረገዘችው ግን አንተ ካለፍክ በኋላ ነው። ባለፈው ወር ባሏ ለሥራ ማሻ ሄዶ ሳለ ምጧ ከቀኑ ቀድሞ መጣ። ጎረቤቷ አስካለች ደውላ፣ “ደም እየፈሰሳት ነው፣ ጤና ጣቢያ እዚህ የሚሆን አይደለም አሉን፣ መኪና አጣን” አለችኝ። የምገባበት ጠፋኝ። ዘይቷን እስከ ምልክቱ ሞልቼ፣ ትርፍ ጀሪካን ኋላ ጭኜ በረርኩ።

ከሸኮ ወደ ሚዛን ሆስፒታል ስንመለስ ማርታ ከኋላ አስካለች ላይ ተደግፋ ታቃስት ነበር። አንተ የቀረህበት ኩርባ ጋ ስንደርስ መኪናዋ እዚያ የምትቆም መስሎኝ ነበር። አልቆመችም። አለፍነው። ተመስገን ብዬ ትንሽ እንደሄድን ሞተሩ ውስጥ ብረት ከብረት ሲማታ ሰማሁ። ቀይዋ መብራት በራች፣ አንድ ጊዜ ተንገጫገጨችና ቀጥ አለች። ቁልፉን ባዞር ባዞር ምንም የለም።

እግዚአብሔር ይስጠው፣ ቡና የጫነ መኪና ከኋላችን ደረሰ። ሾፌሩ ማርታን አቅፎ ጋቢና አስገባት። ከእሷና ከአስካለች ሌላ ቦታ አልነበረም። “እማዬ!” ብላ እጇን በመስኮት ስትዘረጋልኝ ጣቶቿን ብቻ ነካሁ፤ መኪናው ሄደ።

ብቻዬን ቀረሁ። ጉሙ ከጫካው ወርዶ መንገዱን ሸፈነው። ኮፈኑን ከፍቼ ብረቱን መዘዝኩት፤ ድርቅ ብሏል። በዚያው ቀን የሞላሁት! ተንበርክኬ ከሥሯ አየሁ፤ የመጣንበትን መንገድ ወደ ኋላ እየሄድኩ አየሁ። ጠብታ የለም። ያኔ፣ ግርማ፣ ከሞትክ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ተቆጣሁህ። “ልጅህ ናት እኮ! ከእኛ ምን ፈለግህ?” ብዬ ጮህኩ። ጉሙ ድምፄን ዋጠው። ግሎ የነበረው ሞተር እየቀዘቀዘ ቋ ቋ ይል ነበር፤ ቆይቶ እሱም ዝም አለ። ያን የሞተር ዝምታ አውቀዋለሁ። አንተ መሪው ላይ ተደፍተህ የሰማሁት ነው።

ሞተር ብስክሌት የሚነዳ የሸኮ ሰው አጠገቤ ቆመ። “እናቴ፣ ነይ ከኋላዬ ውጪ። ዝናብ መጣ” አለኝ። መኪናዋን አየሁ። ጥያት ብሄድ አንተን እዚያው መንገድ ላይ ሁለተኛ መተው መሰለኝ። እግሬ እምቢ አለኝ። ሰውየው ፊቴን አይቶ፣ “መኪናው የትም አይሄድም። ሰው አለሽ?” አለኝ። “ልጄ ሆስፒታል ናት” አልኩት፤ ይህን ስናገር ራሴን ሰማሁት። የእጅ ፍሬኑን ሳብኩ፣ በሩን ቆለፍኩ፣ ከኋላው ወጣሁ። ዞር ብዬ አላየሁም። ጉሙ ውስጥ አንድ ሰው ቆሞ የሚያየኝ ይመስለኝ ነበር፤ ቢሆንም አልዞርኩም።

ስደርስ ማርታ በሕይወት ነበረች። ሴት ልጅ ወልዳለች። ሐኪሟ “ትንሽ ብትዘገዩ ኖሮ…” ብላ ሳትጨርሰው ተወችው።

መኪናዋን በማግስቱ ጎትተው አመጧት። ጋሽ ሁሴን ሞተሩን በታተነው። ውስጡ ተቃጥሎ፣ ብረቱ ብረቱን ነክሶ ተጣብቋል። ዘይቱ በየት እንደወጣ ግን እስከዛሬ ሊነግረኝ አልቻለም። እናትህ፣ “እስከዚያ ያደረሳቸው እሱ ነው፣ አሁን ሄደ” ይላሉ። እኔ አላመንኩም፣ አልካድኩምም። ሌላ ሞተር አላስገባሁላትም። ጠዋት ጠዋት የምከፍተው ነገር የለም፤ እጄ ግን አሁንም ጨርቁን ይፈልጋል።

ልጅቷ ስታድግ ስላንተ መጠየቋ አይቀርም። በመኪናዋ አልጀምርላትም። ገና እንደተጋባን ቴፒ ገበያ ውስጥ ጠፍቼብህ፣ የዝንጅብል ጆንያ ላይ ወጥተህ “ብርቱካን! ብርቱካን!” እያልክ ስትጣራ ሴቶቹ ከበውህ “ብርቱካኑ ስንት ነው?” ያሉህን ነው የምነግራት። “አይሸጥም፣ ሚስቴ ናት!” ያልካቸውን፣ ገበያው ሁሉ የሳቀውን።

አሁንም ገበያ መሃል “ብርቱካን!” የሚል ድምፅ ስሰማ ዞር እላለሁ። ሁልጊዜ ነጋዴ ነው። ቢሆንም እስካለሁ ድረስ መዞሬን አልተውም።

ያንተው ብርቱካን