በአባባ ስም የወጣችው መኪና

ይድረስ ለምወድህና ለምሳሳልህ ወንድሜ ለሮብሳን፣ ጁባ።

አካም ጅርታ ሮቤ? ጤናህ እንዴት ነው? የጁባ ሙቀት እንዴት ይዞሃል? ወባው ለቀቀህ ወይስ ዛሬም ያንቀጠቅጥሃል? ትበላለህ? እንቅልፍስ ይወስድሃል? እኛ ፈጣሪ ይመስገንና በሕይወት አለን። «ደህና ነን» ብዬ እንዳልጽፍ ግን እጄ እምቢ አለኝ።

አባባ በመጋዘን ረዳታቸው መደብደባቸውን ስነግርህ «መጥቼ ነገራን በገዛ እጄ እገድለዋለሁ» ብለህ ስልኩን ዘጋህብኝ። መልሼ ብደውል ብደውል አላነሳህም። በስልክ የማይወራ ነገርም ስላለ ይኸው ወደ አንተ በሚመጣ ሰው እጅ ላክሁልህ። አንብበህ ሳትጨርስ ከቤት እንዳትወጣ፣ በሞቴ!

ነገሩ የመጣው ከመሥሪያ ቤታችን ነው። እህል ነጋዴው አለቃችን ክረምት ላይ «የአምቦም፣ የጉደርም፣ የጌዶም መረጃ አንድ ቦታ ይግባ» አለ። ሽያጩ፣ መጋዘኑ፣ የመኪናው ስምሪት ሁሉ ኢንተርኔት ላይ ተቀምጦ እሱ በአንድ ስክሪን ሊያየው ነው። ክላውድ ይሉታል፣ ደመና ማለት ነው። አባባ የጌዶ መጋዘን ኃላፊ አይደሉ፣ «ታዲያ ዝናብ ሲመጣ ስንዴያችን አይረጥብም?» ብለው አሳቁን። ሰምሃል የምትባል ባለሙያ ከአዲስ አበባ መጥታ፣ እኔ ከዋናው ቢሮ ተመድቤ፣ ያን ሁሉ የተዝረከረከ ዳታ ስንለቅም ከረምን። አንዱን ደንበኛ ጌዶ በአባቱ ስም፣ ጉደር በቅጽል ስሙ፣ አምቦ ደግሞ በሚስቱ ስም መዝግቦት ታገኘዋለህ። ዓይኔ ጠፋ።

ሰምሃል ስትሄድ አጥብቃ ያስጠነቀቀችው አንድ ነገር ነበር። እያንዳንዱ ሰው በራሱ ስምና በራሱ የይለፍ ቃል ብቻ ይግባ አለች። የጌዶ ሰዎች ይሰማሉ? «ኦቦ ባይሳ እያሉ እኔ በስሜ ጭነት ልልቀቅ? ነውር አይደለም?» እያሉ ሁሉም በአባባ ስም መግባት ጀመሩ። ሽማግሌ ሳይቆርስ እጁን ወደ ማዕድ የማይሰድ ሰው ክላውድ ላይም ያው ነው። አባባም ደስ ብሏቸው የይለፍ ቃላቸውን መጋዘኑ በር ላይ በጠመኔ ጻፉላቸው። ሳየው ጮህሁ። «ተዪ አንቺ፣ ልጆቼ ናቸው» አሉኝ።

ጥቅምት ላይ አባባ ሐሮ ወንጪ ለቅሶ ሄዱ። በዚያው ቀን ሹፌሩ ቀነዓ፣ የነገራ ታናሽ ወንድም፣ ስንዴ ጭኖ ከጌዶ ወጣ። ሽፍቶች መንገድ ላይ ጠበቁት። መጀመሪያ ጎማውን መቱ፣ ሲወርድ ደግሞ እሱን። መኪናዋን ከነስንዴው አቃጠሏት። አስከሬኑ ሲመጣ ፊት የሚባል አልነበረውም፤ እናቱ በጫማው ነው የለየችው። ሮቤ፣ ጩኸቷ እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም።

ሠልስቱ እንደወጣ ዘመዶቹ አምቦ ቢሮ መጥተው «ልጃችንን በዚያ መንገድ የላከው ማነው?» አሉ። ሥራ አስኪያጁ ምን ቸገረው፣ ስክሪኑን አዞረላቸው። ጭነቱን የፈቀደው ባይሳ ይላል። አንዱ በስልኩ ፎቶ አነሳውና ፎቶው ምሳ ሳይደርስ ጌዶን አዳረሰ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ክላውዱማ ይብሳል።

በማግስቱ ጠዋት የቀነዓ ዘመዶች ጌዶ ቤታችን መጡ። የቆርቆሮ በሩን በመጥረቢያ ገነጠሉት። ውሻችንን በገጀራ አንገቱን አሉት። አባባን ጎትተው ግቢው መሬት ላይ ጣሏቸው። ቀድሞ የመታቸው በስልክ የነገርሁህ ሰው ነው፤ ነገራ! አባባ መጋዘን ውስጥ ሥራ አስተምረው ረዳታቸው ያደረጉት ያው ነገራ! ክንዳቸውን በአጠና ሲላቸው አጥንቱ ሲሰበር ሰማሁት። እኔም ዘነዘና አንስቼ የአንዱን ግንባር ፈነከትሁ፤ አይቆጨኝም። ሌላው ፀጉሬን ይዞ ከግድግዳ ጋር አላተመኝ፣ የፊት ጥርሴ ረገፈ። ነገራ ገጀራ ተቀብሎ ከአባባ አንገት በላይ አነሳ። አባባ ዓይን ዓይኑን አዩት እንጂ አንድ ቃል አልተነፈሱም።

ያኔ እማዬ ሲንቄዋን ይዛ ወጣች። የሠርጓ ዕለት እናቷ የሰጠቻት ያቺ ቀጭን በትር! ጎረቤታችን ወርቂቱና የሰፈሩ ሴቶችም የየራሳቸውን ይዘው እየጮሁ ተከተሏት። እማዬ በትሯን አጋድማ በገጀራውና በአባባ መካከል ቆመች። ሲንቄ ተሻግሮ የመታ ሰው የተረገመ ነው፣ ይህን የማያውቅ ወንድ እዚህ አገር የለም። የነገራ እጅ አየር ላይ ቀረ። ከዚያ ገጀራው ወደቀ፣ እሱም በግንባሩ ተደፍቶ ይንሰቀሰቅ ጀመር።

ሆስፒታል ስንገባ «ወንጪ ነበርሁ አይሉም ነበር?» ብዬ አባባ ላይ ጮህሁ። በሩን ዝጊው አሉኝና ነገሩኝ። ያን ቀን ለቅሶ ቤት ሳሉ ነገራ ደውሎ «ቀነዓ ነገ የልጁ ክርስትና ስለሆነ ቸኩሏል፣ ልልቀቀው?» ብሏቸው ነበር። «ቆይ፣ መንገዱ ደህና አይደለም» ብለው ከለከሉት። እሱ ግን ለወንድሙ አዝኖ በአባባ ስም ገብቶ ለቀቀው። ቀነዓን የላከው ራሱ ነገራ ነው ሮቤ! ያውቀዋል። ከሁሉ አብልጦ የመታቸውም ስለሚያውቅ ነው።

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ?» አልኋቸው። «በዘመዶቹ ፊት ወንድምህን የገደልከው አንተ ነህ ልበለው? በያዙት ገጀራ እሱኑ ይቆራርጡት ነበር። የይለፍ ቃሌን በር ላይ የጻፍሁት እኔ ነኝ» አሉኝ። ለሽማግሌዎች እንኳ እንዳልናገር አስማሉኝ። መሐላዬን ያፈረስሁት ላንተ ብቻ ነው፤ ካልነገርሁህ ትገድለዋለህና።

እኔ ይቅር ብየዋለሁ አልልህም። ምላሴ የጥርሴን ክፍተት በነካ ቁጥር ደሜ ይፈላል። አንተ ግን መጥተህ ከገደልኸው የአባባ ክንድ በከንቱ ተሰበረ ማለት ነው። ተው ወንድሜ፣ እዚያው ሁን።

እማዬ ዓይንህን ሳላይ አልሙት ብላ ትስምሃለች። ታናሻችን ሃዋኒ ስምንተኛ ክፍል ገብታለች፣ ጫማዬን እንዳይረሳ በዪው ትላለች። ወርቂቱ ሚስት አግኝቼለታለሁ እያለች ነው፣ እወቅበት። አባባ የተሰበረው ቀኝ እጃቸው በጀሶ ታስሯልና መጻፍ ስላልቻሉ በቃል ይመርቁሃል።

ሌላም ሰላም የሚልህ ሰው አለ። ነገራ ማንም ሳያዝዘው በየጠዋቱ እየመጣ አባባን ያጥባቸዋል፣ የሸሚዛቸውን ቁልፍ ይቆልፍላቸዋል፣ ያጎርሳቸዋል። ስጽፍ አይቶኝ «ሮብሳንን ሰላም በዪልኝ» አለና ፊቱን አዞረ። እኔ እስካሁን ለሰላምታው መልስ ሰጥቼው አላውቅም። አባባ ግን ሲያጎርሳቸው አፋቸውን ይከፍታሉ።

እህትህ ሴና ባይሳ
ጌዶ፣ ኅዳር 2016 ዓ.ም.