ደረጃ ሥር ያሉት ንቦች

አንዋር፣

ቅዳሜ ጠዋት የጭስ ደወሉ ሲጮህ ቤት የነበርነው እኔና አከራያችን እትዬ ራዲያ ብቻ ነን። አንተ ፌርፋክስ ሥራ ላይ ነበርክ።

የነፍሳት መግደያ ስፕሬይ መግዛትህን ሳይ፣ ከኋላ ደረጃ ሥር ያሉት ፀጉራም ንቦች ሳይሞቱ ይውጡ ብዬ፣ አባቴ ቀፎ ሲከፍት እንደሚያደርገው አጨስኩባቸው። ጭሱ ኩሽና ገባ። እትዬ «ማነው ቤቴን የሚያቃጥለው?» ሲሉ ደንግጬ «አንዋር ድስት ረስቶ ነው» አልኩ። ሳምንቱን ሙሉ የዘጉህ ለዚህ ነው።

ንቦቹ አልወጡም። እባክህ አትንፋባቸው፤ በፊት ለፊት በር ውጣ፣ ብርድ ሲመጣ አይኖሩም። አንተ ከጓደኞችህ ጋር ስትወጣ ድምፅ የምሰማው የእነሱን ብቻ ነበር።

«ና እንሂድ» ብትለኝ እመጣ ነበር።

ዛሬ ለእትዬ እውነቱን ነገርኳቸው። ቤቱን ልቀቅ ብለው ቁልፌን ተቀበሉኝ።

ሱሀይብ